ሰላም የማይሉት የካርድ ክፍል ሰው

ጋሽ ኑርዬ መንገድ ላይ ሰው ቀድመው ሰላም አይሉም ነበር። በሌላ አገር ይህ ከነውር አይቆጠር ይሆናል። በእኛ በአምባሰል ግን ሰላምታ ከእርሻ ቀጥሎ ያለ ትልቅ ሥራ ነው። ሰው የተጫነ አህያውን አቁሞ ስለ ልጁ፣ ስለ ላሙ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቆና ተጠይቆ፣ መርቆና ተመርቆ ነው የሚያልፈው። እሳቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው እብስ ይላሉ። ቀድሞ ሰላም ያላቸው ሰው ካለ ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ቆመው፣ ከማንም በላይ አርዝመው ይመልሳሉ። ይህን ሁለተኛውን ማንም አያነሣላቸውም። «ኩራተኛ» ነበር የሚሏቸው። «የአንዲት ክፍል ቁልፍ ቢሰጣቸው ወረዳው በሙሉ የሳቸው መሰላቸው» እያሉ ያሟቸዋል።

ክፍሏ የካርድ ክፍል ናት። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ እኔ ነርስ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እሳቸው ከእኔ በፊትም እዚያው ነበሩ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም። የሰዎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ። ሂንድ ብዬ የምጠራት ልጅ «የራሴን ስም ጻፊው፣ ምን ቀረኝና» ብላኛለች፤ እኔ ግን አልጻፍኩትም። ከእንግዲህ በእኔ በኩል የሚወጣ ስም የለም።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እኔም ተቀይሜያቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ አብረን ውለን፣ ከሥራ ስንወጣ ባጃጅ ተራው ላይ እንደማያውቁኝ ሆነው አለፉኝ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ በሆዴ መያዝ አልችልም። በማግሥቱ መስኮታቸው ላይ ቆሜ፣ «ጋሽ ኑርዬ፣ ምን በድዬዎት ነው ፊት የሚነሡኝ?» አልኳቸው።

«አንቺን አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ትናንት አጠገብሽ የቆመችውን ሴትዮ ነው። እኔን የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ በዚች መስኮት በኩል ነው የሚያውቀኝ። መንገድ ላይ ‹ተሻለሽ ወይ?› ያልኳት እንደሆነ፣ ባሏ ‹ምን ሆነሽ ነበር?› ይላታል። እሷ ሰላም ልትለኝ ከፈለገች ትበለኝ፤ መብቱ የሷ ነው። የኔ ሥራ አለማየት ነው።»

ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ሕሙማን ምሥጢር ተምሬያለሁ፤ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ መምህር ግን አልነበረም።

በየጤና ጣቢያው ታማሚ በስሙ ነው የሚጠራው። አንዳንዱ ጋ እንዲያውም ካርድ አውጪው አንገቱን በመስኮት ብቅ አድርጎ «የቲቢ ካርድ የማን ነው?» ብሎ ይጮኻል፤ ግቢው በሙሉ ይዞራል። ጋሽ ኑርዬ ጋ ይህ የለም። በተቆረጠ ካርቶን ላይ ቁጥር ጽፈው ይሰጣሉ፣ በቁጥር ይጠራሉ። ካርዱን ከክፍላቸው ወደ ሐኪሙ የሚወስዱት ከአሮጌ አንሶላ ራሳቸው በሰፉት ከረጢት ነው፤ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው የካርዱን ፊት እንዳያነብ። ክፍሉን የሚጠርጉት ራሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ አንድ የቀበሌ ትልቅ ሰው ለልጁ የታጨችውን ልጅ ካርድ «እስቲ ብቻ ዓይንህን ጣል አድርግበት» አላቸው። «ካርዱ ባለቤቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ልጅቷን ጠይቃት» ብለው መስኮቱን ዘጉበት። ሰውዬው ዓመት ሙሉ ቂም ይዞባቸው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በእኛ በኩል ባለፈ ጊዜ ሸሽተን ቆይተን ስንመለስ፣ የጤና ጣቢያው በርም አልጋም የለውም። ማይክሮስኮፑ ተወስዷል። ካርዱ ግን ለማን ይጠቅማል? ከመደርደሪያው ተዘርግፎ ግማሹ ጓሮ ካለው ቦይ ውስጥ ጭቃ ጠጥቶ ተኝቷል፣ ግማሹን ንፋስ ማሽላው ውስጥ ዘርቶታል። እኛ ስለ መድኃኒቱ ስናለቅስ ጋሽ ኑርዬ ጆንያ ይዘው ማሳ ለማሳ ዞሩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሱቆቹ በካርድ ወረቀት ስኳርና በርበሬ መጠቅለል ጀመሩ። ያን ጊዜ ልጆቻቸው የጨረሷቸውን ደብተሮች ሰብስበው፣ ሱቅ ለሱቅ እየሄዱ ኪሎ በኪሎ ለወጡ። ደብተር ሰጥተው ካርድ ተቀበሉ። አንዷ ባለሱቅ ስትነግረኝ፣ አንድ ገዢ ጥቅልል ይዞ ሲወጣ ተከትለውት ሮጠው፣ ስኳሩን በኮፍያቸው ተቀብለው ወረቀቱን ወሰዱበት አለችኝ። ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ እኔም ስቄያለሁ።

መልሰው ለመደርደር ሦስት ወር ፈጀባቸው። ላግዝዎት ብላቸው እንቢ አሉ። «እርስዎስ እያነበቡት አይደል?» አልኳቸው ተናድጄ። አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። «ስሙን በዚህ እሸፍነዋለሁ፣ ቁጥሩን ብቻ አያለሁ» አሉኝ።

እንግዲህ በመጨረሻ የሰው ምሥጢር ያወጡት እኒህ ሰው ናቸው።

ሂንድ የመጣችው በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። እናቷ ሀዲያ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን፣ ሂንድንና ታናሿን ኢቲሳምን፣ ማሽላና ጤፍ እያረሰች ያሳደገች ብርቱ ሴት ናት። የሞተው አባት ባድሩ የጋሽ ኑርዬ የልብ ወዳጅ ነበር፤ በልጅነታቸው ቁርአን መቅራት የተማሩት አንድ ላይ ነው። ሂንድ ለኡበይድ ታጭታለች። ኡበይድ ውጫሌ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለው፣ የደህና ቤተሰብ ልጅ ነው። ሠርጉ ለቀጣዩ ዓመት ጥር ተቆርጧል።

«ክንዴን ትኩስ ድስት ነካኝ፣ አላመመኝም» አለችኝ። ልብሷን አስወልቄ አየሁ። ክንዷ ላይ አንድ፣ ጀርባዋ ላይ ደግሞ ብዙ፣ ደብዘዝ ያሉ ነጣ ያሉ ቦታዎች ነበሩ። ዓይኗን አስጨፍኜ በጥጥ ነካሁት፤ አላወቀችም። ቦሩ ሜዳ ወዳሉት የቆዳ ሐኪሞች ላክኋት፤ የፈራሁትን ጽፈው መለሷት።

ሥጋ ደዌ ነው። በእኛ አገር ስሙን የሚጠራ የለም፤ «ትልቁ በሽታ» ነው የሚባለው። ዛሬ በመድኃኒት የሚድን፣ ከብዙ በሽታዎች የቀለለ ሕመም ነው። ሕክምናው በተጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ሰው መተላለፉ ያቆማል፣ በአሥራ ሁለት ወር ያልቃል። ይህን እኔ አውቃለሁ። አገሩ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው፤ በዘር ይወርዳል ይላል። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ አስቀድሞ በሹክሹክታ የሚያጣራው ይህንኑ ነው። አንዷ ላይ ከተባለ በእህቷም፣ በአክስቷ ልጅም ደጃፍ የሚቆም ሽማግሌ አይኖርም።

ሁሉንም ነገርኳት። ሂንድ አላለቀሰችም። «ማን ያውቃል?» ነው ያለችኝ።

«አንቺ፣ እናትሽ፣ እኔ።»

«ካርዱስ?»

«ካርዱ ጋሽ ኑርዬ ጋ ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እንግዲያው ማንም አያውቅም» አለች።

አሥራ ሁለት ወር መደበቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅብን። ጋሽ ኑርዬ የወሯን የመድኃኒት እሽግ የምትወስድበትን ቀን ሁልጊዜ በገበያ ቀን አደረጉት፤ ግቢው በሰው ሲሞላ ማን ማንን ያያል? በግሸን ንግሥ ሰሞን መንገዱ በተሳላሚ ሲጨናነቅ ደግሞ የወር ቀጠሮዋን ከዚያው ጋር እንደሚያጋጥሙላት አስቀድመው ቆጥረው ነግረውኛል። ካርዷ በከረጢት ይመጣል፣ በከረጢት ይመለሳል። እሷም በመንገድ እንዳላየቻቸው ታልፋለች፣ እሳቸውም እንደማያውቋት ይሆናሉ። የአባቷን ሬሳ ያጠቡት ሰው፣ በሕፃንነቷ ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጧት ሰው ከባዳ ባሰ ራቋት። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን፤ መድኃኒቱ ቆዳ ያጠቁራል። ሂንድ ቀይ ነበረች፣ በግንቦት ጠይም ሆነች። እናቷ «የማሳ ፀሐይ ነው» አለች፤ አገሩም አመነ።

ሰኔ ላይ፣ በዘጠነኛው ወር፣ በቀጠሮዋ ሳይሆን በሌላ ቀን ትኩሳት ይዟት መጣች። ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ነው የገባችው። ክርኗ ላይ ያለው ነርቭ እንደ ገመድ አብጧል። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿ ደንዝዘዋል። ይህ ሕመም ሲድንም አንዳንዴ እንዲህ ይቆጣል። ቁጣውን የሚያበርድ እንክብል ሰጠኋትና በየሳምንቱ እንድትመጣ፣ አንድም ቀን እንዳታቋርጥ አስማልኳት።

እሷ ስትወጣ ጋሽ ኑርዬ መስኮታቸውን ዘግተው ወደ ክፍሌ ገቡ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስለ አንድ ታማሚ ጠይቀውኝ አያውቁም።

«ሲስተር፣ ልጅቷን ምን አገኛት?»

እዚህ ላይ ቆሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። «ካርዱ ባለቤቱን ብቻ ነው የሚያውቀው» ማለት ነበረብኝ፤ ትምህርቱ የራሳቸው ነበር። እኔ ግን ፈርቼ ነበር፣ ደክሞኝም ነበር፣ ፍርሃቴን የሚካፈለኝ ሰው ፈልጌ ነበር። «ነርቯ ተቆጥቷል። መድኃኒቱ ካልያዘላት እጇ ይታጠፍና በዚያው ይቀራል» አልኳቸው።

«ቀኙ ነው?»

«ቀኙ ነው።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ቀኝ እጅ የሚበላበት፣ የሚጨበጥበት፣ ሙሽራ ሂና የምትቀባው እጅ ነው። «ያ ረቢ፣ ባድሩን ምን እለዋለሁ» አሉ። ካርድ አውጪ የካርዱን ቁጥር እንጂ የነርቩን ነገር ማወቅ አያስፈልገውም። እሳቸው ሳይሆኑ እኔ ነኝ በሩን የከፈትኩት።

ቀጥሎ የሆነውን ያየችው ባለቤታቸው ዑምኩልሱም ናት፤ የነገረችኝም እሷ ናት።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በሸህ አብደላ ቤት ወዳጃ አለ። ሰው ተሰብስቦ ጫት ይዞ ዱዓ ያደርጋል። የታመመ፣ ከብት የጠፋበት፣ ልጁ በባሕር ተሻግሮ ድምፁ የራቀበት ችግሩን ይናገራል፤ ሸሁ ይለምናሉ፣ ቤቱ አሚን ይላል። ከእኛ ከክርስቲያኖቹም ሰው ልከን የምናስለምን አለን፤ እናቴ እኔ ለፈተና ስቀመጥ ልካለች። ጋሽ ኑርዬ ሃያ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ቀርተው አያውቁም። ሁልጊዜም «ለአንድ የአላህ ባሪያ ዱዓ አድርጉልኝ» ይላሉ እንጂ ስም አይጠሩም። ሰዉ ለራሳቸው የሚያስለምኑ ይመስለው ነበር።

ያን ሐሙስም እንዲሁ ጀመሩ። ድምፃቸው ግን ተቆረጠ፤ እንባቸው ቀደማቸው። ሸህ አብደላ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ክፉ አላሰቡም። «አንተ ኑርዬ» አሏቸው፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ ‹ለአንድ ባሪያ› ትለናለህ፣ እኛም አሚን እንልልሃለን። የዛሬው ግን ሌላ ነው፣ ጢምህ ረጠበ። ስሙን ከነእናቱ ስም ጥራውና ቤቱ በሙሉ ይያዝልህ። ከዱዓ ምን ይደበቃል?»

ዑምኩልሱም ከመጋረጃው ወዲህ ከሴቶቹ ጋር ሆና «አትጥራው፣ አትጥራው» ትል ነበር በልቧ፤ ማንን እንደሆነ ባታውቅም የባሏን ሥራ ታውቃለች። ለቀበሌ ሹም ያልከፈቱትን መስኮት፣ ለፖሊስ ያለደብዳቤ ያልከፈቱትን መስኮት ለአላህ ሊዘጉት አልቻሉም።

«ሂንድ» አሉ። «ሂንድ፣ የሀዲያ ልጅ። አላህ እጇን ያትርፍላት።»

«አሚን!» አለ ቤቱ።

«አሚን ስል አፌ ላይ ደረቀ» አለችኝ ዑምኩልሱም። «ዞር ስል ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ወላሂ ሲስተር፣ ያኔውኑ ነው ያለቀው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ «ልጅቷ እጇን አሟታል» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ይህ ግን የወጣው ከካርድ ክፍሉ ሰው ነው፣ ያውም ሰላም እንኳ ከማይለው ሰው፤ እሱ ያለቀሰላት በሽታ ምን ዓይነት ቢሆን ነው? ሴቶቹ ከሸሁ ደጅ ሳይርቁ ቆጠራ ጀመሩ። እጇን አሟታል። ጠቁራለች አይደል? በየወሩ በገበያ ቀን ጤና ጣቢያ አይተናታል። ጥቅምት ላይ ቦሩ ሜዳ ሄዳ ነበር። የአንዷ አጎት ለትልቁ በሽታ መድኃኒት ሲወስድ እንደዚያው ጠቁሮ ነበር። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ሁሉም «አላህ ያሽራት» እያለ ነው ያወራው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሂንድ ከሁሉም በኋላ ነው የሰማችው። ቦኖ ውኃ ላይ ጀሪካኗን ስታስቀምጥ ከፊትም ከኋላም ያሉት ጀሪካናቸውን ገፋ ገፋ አደረጉ። መጀመሪያ ተራ የለቀቁላት መስሏት አመሰገነቻቸው። ይህን ስትነግረኝ ነው እኔ መስማት ያቃተኝ።

በነሐሴ መጀመሪያ የኡበይድ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ነበሩ፤ ሀዲያ ምንጣፍ ብታነጥፍላቸውም አልተቀመጡም። «በኛ በኩል ጊዜው አልተመቸም፣ አላህ የተሻለ ይስጣችሁ» ብለው ሄዱ። የበሽታ ስም አልጠሩም። ኡበይድ ራሱ ስልክ ደውሎ «ከዘር ነው ወይ?» አላት። «አይደለም፣ ይድናል፣ ሦስት ወር አይቀረውም» አለችው። «እሺ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አይሠራም። ለኢቲሳምም በዚያው ክረምት ሰው ልኮ የነበረ አንድ ቤተሰብ ነበር፤ የላኩት ሰው ሳይመለስ ቀረ።

ሂንድ መምጣት ተወች። የወሯን እሽግም፣ ቁጣውን የሚያበርደውንም እንክብል አልወሰደችም። ምን ብላ ትመጣለች? የተከዳችው ከዚያ ግቢ ነው። ሳምንት ጠበቅሁና መድኃኒቷን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። እኔም ከእነዚያ ሁሉ የማልሻል ቂል ነኝ፤ ከሥራ በቀጥታ ስወጣ ነጩን ጋውኔን አላወለቅሁም። ሀዲያ ከአጥሩ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«ያልሰማ ጎረቤት ቀርቶ ነው ይህን ለብሰሽ የመጣሽው?» አለችኝ።

«ሀዲያ፣ እጇ ሊጠፋ ነው። እንክብሉን ሳትጨርስ በድንገት ካቋረጠች...»

«እጇን ምን ትሠራበታለች? ማን ይጨብጣታል?» አለችና እሽጉን ከእጄ ነጥቃ በአጥሩ ላይ ወርውራው ገባች። ከጭቃው ለቅሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከእጄ ጋር ጋውኑም ጨቀየ። ልናደድባት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

ጋሽ ኑርዬ የሆነውን ሁሉ በሰሙ ማግሥት ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ወደ ታሪኩ ገቡ። ታሪኩ ወጣት ነው፣ ሕግ የሚያውቅ፣ ክፋት የሌለበት። እኔም አብሬ ገባሁ።

«ቅጣኝ» አሉት። «የታማሚ ምሥጢር አውጥቻለሁ።»

«ምን ብለው ተናገሩ?»

«ስሟን ጠራሁ።»

«በሽታዋን ተናገሩ?»

«እጇን አልኩ።»

ታሪኩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጋሽ ኑርዬ፣ ደንቡን ገልብጬ ባነበው ዱዓ ማድረግ የሚያስቀጣ አንቀጽ አላገኝም። ደግሞስ አመልካች ማን ነው?»

አመልካች ሂንድ ናት። ሂንድ ካመለከተች ስሟንና ሕመሟን በወረቀት ጽፋ፣ በመዝገብ ቤት በኩል አሳልፋ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተመቶበት ነው የሚደርሰው። ኮሚቴው ይቀመጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ለወረዳ ግልባጭ ይላካል። የተዘረፈ ሰው «ተዘረፍኩ» ብሎ ለመጮኽ የቀረውንም አውጥቶ ማሳየት አለበት። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች አስበውበት ይሁን እንጃ፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ አፈርኩበት።

«ያለሷ ማመልከቻ እኔ በራሴ ላይ ልመስክር» አሉ ጋሽ ኑርዬ።

«ታዲያ ቃለ ጉባኤው ላይ የማን ምሥጢር ወጣ ብለን እንጻፍ?»

ጋሽ ኑርዬ ተነሡ። «ይቅር» አሉ። «ስሟ ዳግመኛ አይጻፍ።» በዚህ አለቀ። ሃያ ዓመት አፋቸውን ጠብቀው የኖሩ ሰው አንድ ቀን በከዳቸው አፍ የሚቀጣቸው እንኳ አጡ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይላል የእኛ ሰው፤ የጋሽ ኑርዬ አፍ ግን የከዳቸው ለአምላካቸው ሲታዘዝ ነው፣ ይህ ነው እስከ ዛሬ የማይወጣልኝ።

ሥራቸውን አልለቀቁም። ወዳጃ መሄድ ግን ተዉ፤ ሸህ አብደላ ሁለት ጊዜ ቢልኩባቸው አልሄዱም። አንድ ነገር አይቻለሁ። የሂንድ ቀጠሮ በሆነ ቀን ጠዋት ካርዷን አውጥተው በአንሶላው ከረጢት ከተው መስኮቱ ሥር ያስቀምጡታል። ሲመሽ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። የግሸን ንግሥ ቀጠሮ ብለው የቆጠሩላት ቀንም በዚሁ መሐል አለፈ። መንገዱ በተሳላሚ ሞልቶ ነበር፤ እሷን ማንም ባላያት ነበር።

ጥር ገባ። ሠርጓ ሊሆን የነበረበት ወር ነው። አንድ የገበያ ቀን ከጋሽ ኑርዬ ጋር ለጤና ጣቢያው መጥረጊያና ሳሙና ልንገዛ ወርደን ነበር። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለዋል። ከፊታችን ሰው ገለል ገለል ሲል አየሁ። ክብር አልነበረም፤ የምትመጣውን ላለመንካት ነው። በተከፈተው መንገድ ሂንድ መጣች። እጇን በሻርፕ አልሸፈነችውም።

እፊታቸው ቆመች። እሳቸው ጫማዋን ነው የሚያዩት፤ በጫማዋ አውቀዋታል፣ ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ፣ ቀና ግን አላሉም። ሕጋቸው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሼ ኑርዬ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው፤ ጨው ሻጮቹ ሁሉ ዞሩ።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ፣ አሁንም ሳያዩዋት።

ቀኝ እጇን ዘረጋችላቸው። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። መሐል ጣቷም መታጠፍ ጀምሯል። ጋሽ ኑርዬ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።

«ቀና ይበሉ» አለቻቸው። «ከእንግዲህ ቀድመው ሰላም ሊሉኝ ይችላሉ። ያልሰማ የለም።»

ቀና አሉ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ፤ ገበያው በሙሉ ያያል፣ እሳቸው ግን ገበያውን ረስተውታል። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ለሰው የነፈጉትን ሰላምታ አንድ በአንድ ያወጡት ጀመር። እጇን ሳይለቁ።

«እንዴት ከረምሽ ሆድዬ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እናትሽ ደህና ናት?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ላሚቱ? ማሽላው እንዴት ያዘ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ኢቲሳምስ?» አሉ። በሰላምታ ላይ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም፤ ማቆም እንኳ ቢፈልጉ ሥርዓቱ ይዟቸው ሄደ። «ኢቲሳምስ ደህና ናት? ዘንድሮ ለሷም ሰው...»

እዚያው ላይ ቆሙ። ምን እንደጠየቁ ገባቸው።

ሂንድ ለዚህ አልሐምዱሊላህ አላለችም። የታጠፈውን እጇን ከሁለት እጃቸው መሐል ቀስ አድርጋ አወጣችና፣ «እቤት ናት ጋሼ» አለች። «እሷም እቤት ናት።»